የላውንድሪው ኮሚቴ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። አንደኛው ዓይኔ ሞራ ጋርዶት መኪና መንዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሐኪም ቤት የምሄደው አዛውንቶችን በሚያመላልሰው ቫን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ ኮፍያዬን ደፍቼ ቆሜያለሁ። ቫኑ መጣና በሩ ተንሸራቶ ሲከፈት አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጨመረውን ያን ስስ ጨርቅ ታውቁታላችሁ፤ ልብሱን የሚያለሰልሰውና መዓዛ የሚሰጠው። ሾፌሩ ከወንበሮቹ ሥር ሸጉጦት ኖሯል። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ እንዳሳረፍኩ ቀረሁ። "ቀስ ይበሉ፣ ጊዜ አለን" አለኝ ሾፌሩ በእንግሊዝኛ። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። በዚያች ደቂቃ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አልነበርኩም። ወንዙን ተሻግሬ፣ ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጄ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አጠገብ ያለው የድሮ ግቢያችን ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ያ ዘመን ሲነሳብኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥቃቅኑ ነገር ነው። ስልካችን ገና ታጥፎ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ነበር። አገር ቤት ለመደወል ከሐበሻ ሱቅ ባለ አምስት ዶላር ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በሳንቲም እንፍቃለን፤ ካርዱ አንድ ሰዓት ያወራል ተብሎ ተጽፎበት፣ ዘመድ ጤና ተጠይቆ ሳያልቅ እሱ ያልቃል። ወንዶቻችን ከትከሻችን የሚሰፋ ባለ ሦስት ቁልፍ ሱፍ እንለብስ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ልናጥብ ስንወርድ እንኳ። ላንድማርክ ያለው ትልቁ የገበያ ሕንጻ ገና ሰው ነበረው፤ ሴቶቻችን ዕቃ ባይገዙም ጫማ ለክተው ይመለሱ ነበር። የእሁድ የአማርኛ ራዲዮ በየመኪናው ተከፍቶ፣ አንዱ ዘፈን ከዱክ ጎዳና መብራት ጀምሮ እስከ ቫንዶርን መታጠፊያ ድረስ ከመኪና መኪና እየተቀባበለ ይሸኛችኋል። እኔ ከዱክ ጥግ አውቶቡስ ይዤ፣ ባቡር ቀይሬ ዲሲ እገባለሁ፤ እዚያ ከአንድ የቢሮ ሕንጻ ሥር የመኪና ማቆሚያ ካሽር ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም፤ ወረቀት የሚባል ነገር እንደማይጠፋ የተማርኩት እዚያ ስለሆነ ነው።

ግቢያችን በብረት አጥር የታጠሩ፣ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ቀይ ሸክላ ሕንጻዎች ነበሩ። ላውንድሪው በእኛው ሕንጻ ምድር ቤት፣ በውጭ በኩል የሚገባበት፣ መስኮቱ ከመኪና ማቆሚያው አስፋልት እኩል የሆነ ክፍል ነው። ማሽኖቹ ኳርተር፣ ባለ ሃያ አምስቱን ሳንቲም፣ ይበላሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በልተውም አይሠሩም። መግቢያው ላይ የፖስታ ሳጥኖቻችን ተደርድረዋል። ፖስተኛው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ የገባ ደብዳቤዬን በቤቴ በር ሥር ሾልኮ አገኘዋለሁ። የቢሮ ሰዎች ናቸው እያልኩ በልቤ አመሰግናቸው ነበር።

ሚስ ሎሬታ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡና ሲያጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ እሁድ ሐምራዊ ባርኔጣ የሚደፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ታጣፊ ጠረጴዛቸውን ከማድረቂያዎቹ ፊት ዘርግተው፣ የመጣውን ሰው ሁሉ ልብስ ያጥፋሉ። የውስጥ ሱሪ ሳይቀር። መጀመሪያ ቀን ባለቤቴ ጥሩወርቅ ደንግጣ ቅርጫቷን ልትነጥቃቸው ምንም አልቀራት። ቆይቶ ነው የገባን፤ ሰው ልብሱ እየታጠፈለት ጥሎ አይሄድም። ቆሞ ያወራል። እሳቸው ጥጉ ላስቲክ ያለውን አንሶላ እንደ ወረቀት አራት ማዕዘን እያደረጉ ይጠይቁታል፦ በዚህ ሳምንት ሴኩሪቲ አስቆመህ? መታወቂያ ጠየቀህ? ስንት ጊዜ? የት ላይ? "ስብሰባ ብጠራ ሦስት ሰው ነው የሚመጣው፤ ልብሱን የማያጥብ ግን የለም" ይሉ ነበር እየሳቁ። በራሪ ወረቀታቸው ላይ ረዘም ያለ የማኅበር ስም ነበራቸው፤ እኛ ሐበሾቹ ግን የላውንድሪው ኮሚቴ ብለናቸው በዚያው ጸና።

ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር። የግቢው ጥበቃዎች ጥቁር ወንድ ባዩ ቁጥር እያስቆሙ መታወቂያ መጠየቃቸው ይቁም፤ ያልወደዱትንም ሰው "ሁለተኛ ግቢው ውስጥ እንዳትታይ" የሚል ወረቀት እየሰጡ ከቤተሰቡ መለየታቸው ይቅር። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ጉዳዩ የእኔ አልመሰለኝም። "እነሱ" እንል ነበር። እኛው ጥቁሮች፣ ስለ ጥቁሮች ስናወራ፣ እነሱ። ልጄን ሜሮንን ከማን ጋር እንደምትውል ስጠይቃት የፈራሁት ምን እንደነበር አሁን ሳስበው አፍራለሁ። አንድ ቀን ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ መላጣው፣ በሩን ከፍቶልኝ "እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ፤ እንደ ሌሎቹ አይደላችሁም" አለኝ። ታንክ ዩ አልኩት። ያቺ ታንክ ዩ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ሚስ ሎሬታ ዳርኔል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጎማ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው። የሚኖረው ሌላ ቦታ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የእናቱን የልብስ ቅርጫት ከሦስተኛ ፎቅ ያወርድላቸው ነበር። አንድ የጸደይ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ላውንድሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በመስኮቱ መጀመሪያ የታየኝ እግር ነው፤ የዳርኔል የሥራ ጫማና የመላጣው ጥበቃ ቡትስ። ጠጋ አልኩ። "መታወቂያ" አለው ጥበቃው። "እናቴ እኮ እዚህ ናት የምትኖረው፤ ታውቀኛለህ" አለ ዳርኔል ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ቅርጫቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። አንድ እጁን ወደ ላይ አድርጎ በሌላው ቦርሳውን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ጥበቃው አንገቱን ይዞ ደፋው። ነጫጭ አንሶላዎቹ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተበተኑ። የዳርኔል ጉንጭ መሬት ላይ፣ ከመስኮቴ እኩል ሆነ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እርዳኝ አላለኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። እኔ ወደ ኋላ፣ ወደ ማድረቂያው ጀርባ ሸሸሁ። ማድረቂያው ውስጥ የጥሩወርቅ ነጠላ ይዞር ነበር፤ ክፍሉ በዚያ ሽታ ተሞልቷል።

ጥበቃው "ሰደበኝ፣ ገፈተረኝ" ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ዳርኔል ወረቀቱ ተሰጠው፤ ግቢውን ቢረግጥ ይታሰራል። ማኔጅመንቱ ለሚስ ሎሬታ "ቅሬታ ያለው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው" አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስ ሎሬታ የእኔን ሸሚዝ እያጠፉ፣ ቀና ሳይሉ "ዳርኔል አይተኸዋል ይላል" አሉኝ።

"አይቻለሁ" አልኩ።

"ያየኸውን ትጽፍልኛለህ? ከነስምህ። ያየ ሰው ከተገኘና ሌሎችም ጎረቤቶች ከፈረሙ፣ ልጄ ተመልሶ ደረጃዬን ይወጣል። ካልሆነ አይወጣም።"

ታላቅ ወንድሜ አሥራት አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ፈርሞ ነበር። አገራችን በዚያ ክፉ ዘመን ሳለች፣ የሠራተኛ ማኅበር አቤቱታ ላይ። ከወራት በኋላ ያች ወረቀት ከፋይል ወጣች። በሥራ ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ አሰልፈው፣ ከላይ ወደ ታች ስም እየተጠራ "አቤት" ያለ ሁሉ መኪና ላይ ተጫነ። አራተኛው እሱ ነበር። ጮክ ብሎ ነው አቤት ያለው፤ ምን እንደሠራ ያላወቀ ሰው አመላለስ። እኔ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አየዋለሁ። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ስሜን በፈቃዴ ዝርዝር ላይ አስፍሬ አላውቅም፤ የእድር መዝገብ ላይ ሳይቀር ጥሩወርቅ ነበረች የምትመዘገበው።

ስለዚህ ያየሁትን በሙሉ፣ አንዳች ሳልቀንስ ጻፍኩና ከሥር ወልደ ሩፋኤል ብዬ ፈረምኩ። የክርስትና ስሜ ነው። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር በዚያ ስም የጠራኝ አልነበረም። ውሸት አልጻፍኩም አልኩ ለራሴ፤ እግዜር የሚያውቀኝ በዚህ ስም ነው። ሚስ ሎሬታ የቤት ቁጥር ለመጻፍ የፈራ ሰው እንዲተወው ፈቅደው ነበርና የቤቴንም ቁጥር ተውኩት። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። "ራፋኤል" አሉ በመጨረሻ። "የመልአክ ስም ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስተር ራፋኤል ሆንኩ። ደረጃ ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ሰው መካከል፣ በዚያ ወፍራም ድምፅ "ሚስተር ራፋኤል!" ሲሉኝ እናቴ የጠራችኝ መስሎኝ እዞር ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች።

ጥሩወርቅ ስትሰማ ጮኸችብኝ። "ደምሴ፣ ኧረ እግዚአብሔርን ፍራ! የክርስትና ስም ለአፓርትመንት ቢሮ ይሰጣል እንዴ? ወይ ስምህን ጻፍ፣ ወይ ተወው!"

"የቤቱ ሊዝ በስማችን ነው፤ ሪኒው አናደርግም፣ አናድስላችሁም ቢሉን የት እንገባለን? ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት" አልኳት።

"እና የሴትዮዋ ልጅስ የት ይግባ?"

እሷ በስሟ ልትፈርም ተነሳች፤ እኔ ከለከልኳት። በትዳራችን ውስጥ ከልክዬ ከማውቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ያ ነው። ይባስ ብዬ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ የግቢያችንን ሐበሾች ሰብስቤ መከርኩ። እነሱም ፈርተው፣ መፈረም ግን ፈልገው ነበር። ሴትዮዋ የስንቱን ልብስ አጥፈዋል! "በክርስትና ስማችሁ ፈርሙ" አልኳቸው። "ውሸት አይደለም፣ መዘዝም የለውም።" የመዝገብ ቤት ሰው ስለነበርኩ አመኑኝ። ገብረ ማርያም፣ ወለተ ኪዳን፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞላ። ሚስ ሎሬታ ወረቀቱን ሲያዩ ደስታቸውን አልረሳውም። ልብሱን ለማጠብ ለመጣው ሁሉ "ሐበሾቹ ፈረሙልኝ! ሁሉም ፈረሙልኝ!" እያሉ ያሳዩ ነበር። የዚያን ቀን የሁላችንንም ልብስ ሲያጥፉ ዋሉ።

ስብሰባው አንድ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ከከተማው የመጣች አስታራቂ መሐል ተቀምጣለች፤ በአንድ ወገን ማኔጅመንቱ ከነጠበቃው፣ በሌላው ሚስ ሎሬታና ዳርኔል። ሚስ ሎሬታ ሐምራዊ ባርኔጣቸውን አድርገዋል። እኛ ሐበሾቹ አምስት ሆነን ከኋላ ወንበር ተቀምጠናል፤ እንደ ተመልካች። ጠበቃው ጨዋ ሰው ነበር። ድምፁን ሳያነሳ "ዝርዝሩን ከኪራይ ውሎቻችን ጋር አመሳከርነው" አለ። "ከእነዚህ ስሞች አንዱም ግቢያችን ውስጥ አይኖርም። ዋናው ምስክር ነኝ ያለውም ሰው የለም።" ከዚያ አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። ምላሱ እየተሳሰረ "ገብረ ማርያም? እዚህ አሉ?" ዝም። "ወለተ ኪዳን?" ዝም። ፍትሐት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ በዚያ ስም ሰው በአደባባይ ሲጠራ የሰማሁት በፍትሐት ብቻ ነውና። ወለተ ኪዳን ከጎኔ ነበረች፤ በዓለም ስሟ አበበች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ እኔ ታያለች። እኔ ብነሳ ትነሳ ነበር። ሁሉም ይነሱ ነበር።

"ወልደ ሩፋኤል?"

ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ሰልፍ ነበር፤ ጮክ ብሎ አቤት ያለው ወንድሜ። ዝም አልኩ።

አስታራቂዋ ወደ ሚስ ሎሬታ ዞረች። "ከፈረሙት ሰዎች በአካል የሚያውቁት፣ ይኸውና ብለው ሊያሳዩን የሚችሉት ሰው አለ?" ሚስ ሎሬታ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ወደ ኋላ ዞሩ። ዓይናቸው ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሄደ፤ እኔ ላይ መጣ፤ ቆየ። ዳርኔልም ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሚስ ሎሬታ ተመልሰው ተቀመጡ። "የለም" አሉ። "አላይም።"

መነጽራቸውን አላደረጉም ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ለጥሩወርቅ ይህንኑ አልኳት፦ መነጽራቸውን አላደረጉም ነበር፣ አላዩኝም። እሷ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች፤ ለቀናት አላናገረችኝም። እኔ ግን በዚያች መነጽር ብዙ ዓመት ኖርኩባት።

አቤቱታው ሐሰተኛ ስም የሞላበት ተብሎ ወደቀ። ኮሚቴው የሚያምነው ሰው አጣ። ዳርኔልም ደረጃውን ሳይወጣ ቀረ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይቆማል። ሚስ ሎሬታ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ይወርዱና በብረቱ መካከል ያወራሉ። ምግብ በክዳን ዕቃ አድርገው በአጥሩ ላይ ያቀብሉታል። የምስጋና በዓል ቀን በረዶ ቢጤ እየጣለ፣ ፌርማታው አግዳሚ ላይ የጠረጴዛ ጨርቅ አንጥፈው ሲበሉ ከበረንዳዬ አየኋቸው። አንጀቴን በላው፤ ግን ወረድኩ? አልወረድኩም። በኋላ እግራቸው ከበደ፤ መውረዱ ቀረ። ዳርኔል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይደውላል፣ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆነው ስልኩን ይዘው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሜሪላንድ ውስጥ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት ገቡ። የሄዱ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ ካርቶን ተሸከምኩላቸው። ዳርኔል መኪናውን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ ይጠብቃል፤ ዕቃውን እስከ በሩ አምጥቼ አቀበልኩት። ሚስ ሎሬታ እጄን ያዙና "ሚስተር ራፋኤል፣ አንሶላ አስተጣጠፉን እንዳትረሳው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎዳናው ለጥቁሮች ፍትሕ በወጣ ሰልፈኛ የተሞላበት፣ ወጣቱ ሁሉ ካርቶን ላይ ጽፎ የወጣበት ጊዜ መጣ። ግቢው ተሸጠ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ጥበቃዎቹንም፣ ያን የታገዱ ሰዎች ዝርዝርም አነሱት። ሚስ ሎሬታ የጠየቁት ሁሉ ሆነ። ዳርኔል ግቢው ውስጥ እንደ ልቡ መግባት የሚችለው እናቱ እዚያ በሌሉበት ጊዜ ሆነ። ሜሮን ያኔ ኮሌጅ ጨርሳለች። ከአንዱ ሰልፍ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ መጣችና ሶፋው ላይ ወድቃ "ዳድ፣ ዩ ኔቨር ዲድ ኤኒቲንግ ላይክ ዚስ፣ ራይት?" አለችኝ። አይ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም አልኳት። ጥሩወርቅ ከማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ አየችኝ። እሷም ካረፈች ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። በፍትሐቷ ቄሱ ወለተ ሐና እያሉ ሲጠሯት፣ የክርስትና ስሟን ለቢሮ ያልሰጠች ሴት አልኩ በልቤ። በዓለም ስሟ ለእውነት ልትፈርም ተነስታ ነበር፤ እኔ ከለከልኳት።

ወደ ቫኑ ልመለስ። ተቀምጬ ቀበቶዬን ካሰርኩ በኋላ ሾፌሩ የተሳፋሪ ዝርዝሩን አየ፤ ከዚያ በመስታወቱ እኔን አየ። ጢሙ ሸብቷል። ጆርጂያ ጎዳና መብራት ላይ ቆመን ነው የተናገረው።

"ሚስተር ደምሴ። ላንድማርክ አጠገብ ይኖሩ አልነበረም? የእናቴ ራፋኤል ነዎት።"

ዳርኔል ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ አልነዳም። ስለ እናቱ ጠየቅሁት፤ ባለፈው ክረምት ማረፋቸውን ነገረኝ። እስከ መጨረሻው የዚያን ቤት ሰዎች ልብስ ያጥፉ ነበር አለኝ፤ ነርሶቹንም ልብስ እያጣጠፉ ይመረምሯቸው ነበር፣ ማን ምን ያህል እንደሚከፈለው፣ ማን እንደሚበደል። ሳቅን። ሽታውን በቫኑ ውስጥ የሚያኖረው ለእሳቸው ብሎ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

"ዳርኔል፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እናትህ መነጽራቸውን ስላላደረጉ አላዩኝም" አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። "መነጽሯ የማንበቢያ ነበር፤ ሩቅ ያለውማ ይታያት ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ ሆና የአውቶቡስ ቁጥር ታነብ ነበር እኮ" አለ። ቆየት ብሎም "ስምዎንም ታውቅ ነበር፤ ከመጀመሪያው። ደብዳቤዎ እየተሳሳተ ሳጥኗ ውስጥ ይገባ ነበር። በበርዎ ሥር የምታስገባው እሷ ነበረች።"

እሱ ቀጠለ፤ እየነዳ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፤ ያው የድሮው ዳርኔል።

"እኔ ያን ቀን ብዙ ተናድጄ ነበር። በእርስዎ አይደለም፣ በእሷ። መኪና ውስጥ፣ እማ፣ ሰውየው ያውና ብትዪ ምን ነበረበት አልኳት። እንደዚያ የፈራ ሰው አንድ ነገር ደርሶበታል አለች። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ አባቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ አለች። ሰውን በግድ ስምህን ተናገር ማለት የጥበቃዎቹ ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም አለች።"

ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ደርሰን ሞተሩን አጠፋ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ፣ ራሱ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁት አለች።"

ወርዶ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። የእናቱ እጅ ነው ያለው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ። ይቅርታ አልኩት። የልጁን ደረጃ መውጣት ከእናቱ የነጠቀ ሰው በዚህች ቃል ምን እንደሚመልስ አላውቅም፤ ግን ሌላ ቃል አጣሁ። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ እመጣልዎታለሁ፣ ሚስተር ደምሴ" አለና ሄደ።

ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ይወስደኛል። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ እናወራለን። ስሜን ከዝርዝሩ ላይ ነው የሚያየውና ሁልጊዜ ሚስተር ደምሴ ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ራፋኤል ቢለኝ ብዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጠብቃለሁ፣ አይለኝም። እናቴ የለችም፤ የንስሐ አባቴም አርፈዋል፤ ሚስ ሎሬታም ሄደዋል። ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ነው የቀረው፤ በፍትሐቴ ቀን መጽሐፉን ከፍቶ፣ ሕዝቡ በተቀመጠበት፣ ወልደ ሩፋኤል የሚለው ቄስ። ያኔም ዝም እላለሁ።